ወደ ግራ እምቢ ያለች መኪና

ዓመቱን ጠይቃችሁ አታስጨንቁኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ይህን አልስትም። ፈረንጁ ጎረቤቴ ከሞቱ በኋላም ነው። ጸደይ ይሁን መኸር ግን ተምታቶብኛል። አትላንታ ውስጥ ቅጠሉ ሲረግፍም ሲያብብም ሰው እኩል ስለሚያስነጥስ፣ በማስነጠስ ወቅት መለየት አይቻልም። ባለቤቴ «ሹራብ ለብሰህ ነበር» ትላለች። እሷ በሐምሌ ሙቀትም ሹራብ ስለምታለብሰኝ ምስክርነቷን አልቀበልም።

የምንኖረው አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር ነው። ቤቶቹ የእንግሊዝ አገር ቤት ለመምሰል ሲጣጣሩ ያረጁ ናቸው። ጎረቤቴ ደግሞ ጋራዣቸው ውስጥ አንዲት መኪና ሲቀጠቅጡ ያረጁ ሰው ነበሩ። ሆት ሮድ ይሏታል። ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ፈረንጆቹ አያቶቻቸው ይነዷት የነበረች መኪና ፈልገው ይገዛሉ። ኮፋኖዋን አውልቀው ይጥላሉ፣ የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎዋን ይቆርጣሉ፣ ለጭነት መኪና የሚበቃ ሞተር ሆዷ ውስጥ ይከታሉ። ከፊት ዝቅ ብላ እንድታምር ደግሞ አካሏን ከሚሸከመው ባሌስትራ ላይ ብረት ይቀንሳሉ። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ «ለምንድነው የማትታጠፈው?» እያሉ ቀሪ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ።

እሳቸውም እንደዚያው እየጠየቁ ሞቱ። ነፍሳቸውን ይማር።

አንድ ቀን ባለቤታቸው በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ከሣሩ ጋር እንኳ በትሕትና የሚነጋገሩ ወይዘሮ ናቸው። ልጃቸው ቤቱ እንዲሸጥና እሱ ወዳለበት አገር እንዲሄዱ ወስኗል። ዕቃ ጫኞቹም ቀን ተቆርጦላቸዋል።

«ባለቤቴ በዚህች መኪና የሰፈራችንን ሐይቅ አንድ ዙር አዞርሻለሁ ሲለኝ ነው የኖረው» አሉኝ። «ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ብዞርባት ደስ ይለኝ ነበር። እርስዎ መኪና ያውቃሉ።»

እኔ መኪና አውቃለሁ! በወጣትነቴ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ የሰው መኪና ተቀብዬ ፓርክ ሳደርግ ነው የኖርኩት። ስለዚህ የማቆም እውቀቴ ሰፊ ነው። ማስኬድ ሌላ ሙያ መሆኑን ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ «ምን ችግር አለው፣ በደስታ!» የሚል ወጣ። አፌ እንደዚህ ነው። ከእኔ ቀድሞ እሺ ይላል።

ሞተሩ ሳያስቸግር ተነሣ። ድምፁ የመንደሩን ውሻ ሁሉ አስጮኸ። ከጋራዡ ወጣሁ፣ ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ እንደ ቅቤ ዞረች። እንደ ወጣት ልቤ ሞቀ። ወደ ግራ አዞርኩ። መሪው እስከ ግማሽ ሄደና «ቋ!» ብሎ ቆመ። እኔ ስታገል እሷ ቀጥ ብላ ሄዳ የወይዘሮዋ አበባ ላይ ወጣች።

«ግድ የለም» አሉ ወይዘሮዋ ከበረንዳው፤ «እሱም ሁልጊዜ እዚያው ነበር የሚያቆማት።»

ወደ ኋላ መልሼ ጋራዥ ካስገባኋት በኋላ በሆዴ ሥሯ ገብቼ አየሁ። ከመሪው ሥር አንድ አጭር የብረት ክንድ ይወርዳል። ክንዱ ረጅም ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ጎማውን ያዞራል። ሞተሩ ለመኪናዋ ስለሚበልጥ የጭስ ቱቦው ማለፊያ አጥቶ ዘንጉ ጎን ተወትፏል። ወደ ቀኝ ሲዞር ዘንጉ ከቱቦው ይሸሻል። ወደ ግራ ሲዞር ሄዶ ይጋጨዋል። ነገሩ ይኸው ነው። ከኛ ሰፈር ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ከበር ሲወጡ በግራ ነው። በቀኝ የወጣ ሰው የሚያገኘው ትልቁን ጎዳናና ባለ ተሳቢዎቹን ነው።

ልጄ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ትልቅ ሰው ነው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ አማከርኩት።

«አባዬ፣ ላይክ፣ ለምን ቀኝ ብቻ አትሄድም? ሦስት ጊዜ ቀኝ ማለት እኮ አንድ ግራ ነው። የመንገዱን ሩት ማፕ ላይ ሠርቼ ቴክስት አደርግልሃለሁ።»

«በትልቁ ጎዳና በኩል?»

«አክቹዋሊ… ኦኬ፣ እሱ ትንሽ ኢሹ አለው።»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሰምታ ጮኸች። «ኢሹ? እኚህን የመሰሉ ሴትዮ ባለ ተሳቢ ሥር ልትከታቸው ነው ኢሹ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜን ጥራው።»

የባለቤቴን ታላቅ ወንድም መጥራት በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ የሚደረግ ነገር አይደለም። ጋሼ እንለዋለን፤ በማናቸውም ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «እኔ አልስማማም» የሚል ሰው ነው። ስብሰባው በጸሎት ይከፈት ሲባል አልተስማማም። ይዘጋ ሲባልም አልተስማማም። በመጨረሻ የእድሩ ሰዎች የረሱ እየመሰሉ የስብሰባውን ቀን ሳይነግሩት ይቀሩ ጀመር። ሰላም ወዳድ ሰው ስለሆንኩ እኔም «ነገ እደውልለታለሁ» አልኩና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉዳዩን ለወዳጆቼ አነሣሁት።

እኛ ዘንድ ደግሞ ችግር ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው ችግሩ አይደለም፣ ኮሚቴው ነው። እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ስኔልቪል ከተማ ነዳጅ ማደያ የነበራቸው ሰው ሆኑ፤ ነዳጅ ከመኪና ጋር ይገናኛልና። ምክትሉ የቀድሞ ባለ ታክሲ ሆነ። ጸሐፊም ተመረጠ። የሚጻፍ ነገር ስላልነበረ ጸሐፊው ፎቶ አነሣ።

በማግሥቱ ሁሉም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ጋራዡ ገቡ። መኪናዋን በክሪክ አነሣናት። ሰብሳቢው ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሠላሳ ዓመት ባልና ሚስት ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። ለብረቱም ያው ፊታቸውን ነበር ያሳዩት።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ። «ቱቦውም የራሱ ምክንያት አለው። ዘንጉም የራሱ ምክንያት አለው። አንዱን ብቻ ብንነካ ፍርድ ማዳላት ይሆናል።»

«ልክ ነው» አለ ባለ ታክሲው።

«ስለዚህ ቱቦው ትንሽ ይመለስ። ዘንጉን የሚገፋው ክንድም ትንሽ ይመለስ። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ መንገድ ይምጡ።»

እንዴት ያለ ደስ የሚል ፍርድ ነው! ማንም አልተከፋም። ባለ ታክሲው ከወዳጁ የተዋሰውን የጋዝ ማቃጠያ አመጣና ክንዱን ፍም እስኪመስል አግሎ ወደ ውጭ ጎበጥ አደረገው። ቱቦውን በመዶሻ ጎኑን ደበደቡት። ቱቦው በደል እንደ ደረሰበት ሰው ጎኑ ጎደጎደ። ሲጨርሱ አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ አልኩ። አሁን ሳስበው መኪና አበላሽቶ ይህን ያህል ምርቃት የተቀበለ ሰው በጆርጂያ ግዛት ይኖር አይመስለኝም።

መኪናዋ ወደ መሬት ወረደች። አሁን አንድ ሰው ገብቶ ተቀምጦ መሪውን ማዞር ብቻ ነው የቀረው። ነገር ግን ማን ይግባ?

«ሰብሳቢያችን፣ ይግቡና ይሞክሩት» አልኩ ለሰብሳቢው።

«ኧረ በፍጹም! ባለቤቱ እያለህ?»

«ባለቤቷ ወይዘሮዋ ናቸው፣ እኔ እንግዳ ነኝ። ይግቡ።»

«ይልቅ የደከመው ይግባ፤ አንተ ግባ» አሉ ወደ ባለ ታክሲው ዞረው።

«እኔ? ታላላቆቼ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ይህንማ አላደርገውም።»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት፣ እርስዎ!»

ባለ ታክሲው የሰብሳቢውን ክንድ ይዞ ወደ በሩ ይስባል። ሰብሳቢው የመኪናዋን ጣራ ይዘው እምቢ ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ከኋላ እገፋለሁ። ጸሐፊው ፎቶ ያነሣል። የሚያልፍ ሰው ቢያየን ሽማግሌ አስገድደን የምንጠልፍ ነበር የምንመስለው። በመጨረሻ በመካከለኛ ሐሳብ ተስማማን። ሰብሳቢው ሳይቀመጡ፣ ውጭ ቆመው፣ እጃቸውን በመስኮት አስገብተው መሪውን አዞሩት። ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ዞረ። አጨበጨብን። ሰብሳቢው መረቁና ወደ ባለቤቴ ምግብ ሄድን።

ገና እጃችንን ሳንታጠብ ጋሼ መጣ። ባለቤቴ እኔን አላመነችም ነበር፤ ራሷ ደውላለታለች።

«ደግሞ ሳትነግሩኝ ተሰበሰባችሁ» አለ ከበሩ ላይ። ጋሼ ሰላምታው እንደዚህ ነው።

«ኖር! ኖር! እስቲ ምግብ ይቅመሱ» አልኩት።

«መኪናዋ የታለች?»

«አልቃለች እኮ ጋሼ፤ ትዞራለች።»

«እኔ አልስማማም። አሳየኝ።»

ተከታትለን ወጣን። ጋሼ ግቡ እስኪባል አልጠበቀም። ማን ይቅደም አላለም። በሩን በርግዶ ያን ግዙፍ ሰውነቱን ወንበሩ ላይ ጣለው። መኪናዋ አቃሰተችና ከፊት ዝቅ ብላ ወረደች። መሪውን ይዞ ወደ ግራ አዞረ።

ቋ!

ሰብሳቢው ሰማዩን አዩ። ባለ ታክሲው ጫማውን አየ።

«ባዶዋን ስትሆን ነው የለካችኋት?» አለ ጋሼ።

«አይ… እንግዲህ ማን ይቀመጥ የሚለው ላይ ትንሽ…» አልኩ።

«ያቺ ሴትዮ ሐይቁን የምትዞረው በመስኮት እጇን አስገብታ ነው?»

የሆነው እንደዚህ ነው። መኪናዋ ባዶ ስትሆን አካሏ ከጎማዎቹ ከፍ ይላል፤ ዘንጉና ቱቦው ይራራቃሉ። ሰው ሲገባ የሳሳው ባሌስትራ ይተኛና ቱቦው ዘንጉ ላይ ይወርድበታል። በትሕትናችን ምክንያት ማንም ስላልተቀመጠ ይህን ያየ አልነበረም።

«ቱቦው እንደገና ትንሽ ይመለስ፤ ክንዱም…» ብለው ጀመሩ ሰብሳቢው።

«ብረት ምን ያስታርቀዋል!» አለ ጋሼ። «ይህን ያጋላችሁትን ክንድ አውልቁና ጣሉት። መንገድ ላይ ቢሰበር ሐይቁን መዞር ቀርቶ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገቡት። እኔ በእሳት በተለበለበ መሪ የሰው እናት አላስጭንም።»

«ኮሚቴው ግን ወስኗል» አለ ጸሐፊው።

«እኔ አልስማማም።»

ኮሚቴው በልቶ ተበተነ። እኔና ጋሼ ቀረን። ጫኞቹ የሚመጡበት ቅዳሜ እየቀረበ ነበር፣ ወይዘሮዋም ዕቃቸውን በካርቶን እያሸጉ በመስኮት ብቅ እያሉ ያዩናል። ምንም አይጠይቁም። ባይጠይቁኝ ይብስብኛል።

ጋሼ ስለ መኪና ከእኔ የበለጠ እውቀት የለውም። ያለው አለማመን ነው። አዲስ ክንድ አዝዘን መጣልን። ሳጥኑን ሳይከፍት «ይህ ልክ አይደለም» አለ። ከፍቶ አየና «ልክ መሆኑንም አላምንም» ብሎ ለካው። ባሌስትራው ላይ፣ ሟቹ የቀነሱትና ጥግ የተጣለው ብረት እንዲመለስ አዘዘ። «ውበቷ ይቀንሳል» አልኩት። «የምንድራት መሰለህ?» አለኝ።

ቱቦውን ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ለሚሠራ ሜክሲኳዊ ወሰድንለት። መኪናዋን በተሳቢ ጭነን ማለት ነው፤ በግራ መታጠፊያ አለና። ሰውየው በስፓኒሽ ይናገራል፣ ጋሼ በአማርኛ ይጨቃጨቃል። ሁለቱም እጃቸውን እያወናጨፉ ለረጅም ጊዜ ሲጯጯሁ ተሰዳደቡ ብዬ ፈራሁ። በኋላ ተቃቅፈው ተለያዩ። ቱቦው ተቆርጦ ከዘንጉ ርቆ ወደ ሞተሩ ሥር እንዲታጠፍ ተደርጓል። እንዴት እንደ ተግባቡ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ሜክሲኳዊውም በአገሩ ሰዎች ስብሰባ የማይጠራ ሰው ይሆናል።

ቤት ስንመለስ ጋሼ እህቱን ጠራት።

«ሊጥ አምጪ።»

«የምን ሊጥ? ለነገ ዳቦ ያቦካሁትን?»

«ትንሽ ነው፣ አትሰስቺ።»

ሊጡን ድብልብል አድርጎ ዘንጉና ቱቦው መካከል ለጠፈው። ዘንጉ ቱቦውን ከነካ ሊጡ ይጨፈለቃል፣ ካልነካ እንደ ነበረ ይቀራል። ከዚያ እኔን ሹፌሩ ቦታ አስቀመጠኝ። እህቱንም ከጎኔ አስገባት።

«እኔ የሚዛን ድንጋይ ነኝ?» አለች።

«ሴትዮዋን ተክተሽ ነው። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

«እሳቸው እንደ እኔ አይከብዱም።»

«እሱንማ እያየን ነው» አለ ጋሼ። እሷም ከሊጡ ቆርሳ ወረወረችበት።

መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ድምፅ የለም። ወደ ቀኝ መልሼ እንደገና ወደ ግራ። ድምፅ የለም። ልወርድ ስል ጋሼ ከፊት መከላከያው ላይ ወጥቶ ይዘል ጀመር። መኪናዋ እንደ ጀልባ ትነሣለች ትወርዳለች።

«አዙር!» ይላል እየዘለለ። «መንገዱ ጉድጓድ የለውም? አዙር!»

«ጋሼ፣ ኧረ ይውደቁና ደግሞ…»

«አዙር ብዬሃለሁ!»

በአጥሩ በኩል ወይዘሮዋ ካርቶን ታቅፈው ቆመው ያያሉ። ባለቤቴ በመስኮት ሰላም አለቻቸው። ጋሼ ወርዶ በሆዱ ገባና ሊጡን አወጣ። በጣቶቹ መካከል አገላብጦ አየው። ድብልብሉ እንዳለ ነው፤ ጎኑ ላይ ጥቀርሻ ብቻ ነክቶታል። ሁለታችን ፊቱን እንጠብቃለን።

«እኔ…» አለ። ከንፈሩ «አልስማማም» ሊል ሲፈልግ ይታየኛል። «ይሁን» አለ በመጨረሻ። ሊጡንም ለእህቱ መለሰላት።

ቅዳሜ ጠዋት ጫኞቹ ገና ሶፋውን እያወጡ ሳለ መኪናዋን በራቸው ላይ አቀረብኩ። ወይዘሮዋ ሻርፕ አስረው፣ የጆሮ ጌጥ አድርገው ወጡ። በሩን ከፈትኩላቸው። ከበር ስወጣ ወደ ግራ አዞርኩ። ታጠፈች። እስክትታጠፍ ትንፋሼን ይዤ ስለነበር ቁልቁለቱን ግማሽ ከወረድን በኋላ ነው መተንፈሴ ትዝ ያለኝ።

ሐይቁ ጋ ዝይዎች መንገድ ላይ ወጥተው ነበር። ሞተሩን ሲሰሙ ሸሹ። የሚሮጡ ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹን። ወይዘሮዋ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ውኃውን ብቻ ያያሉ። ዙሩ ሊያልቅ ሲል ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼው ነው?» አሉ። «ይህን ያህል አጭር ነው?»

«አዎ» አልኩ።

«እና ያ ሰውዬ ለዚህ ነው ዕድሜ ልኩን ጋራዥ ውስጥ እራቱን ሲያቀዘቅዝ የኖረው?» አሉና ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከዚያ በሻርፑ ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እባክዎ፣ ይድገሙልኝ።»

ደገምኩላቸው። ስንመለስ ልጃቸው ሰዓቱን እያየ ጫኞቹ ጎን ቆሞ ነበር። እሳቸው ግን ከመውረዳቸው በፊት መሪውን አንድ ጊዜ በእጃቸው ነኩት፣ ቁልፉንም እኔ ጋ ተዉልኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሰብሳቢው ኮሚቴው ተልእኮውን በተሳካ ሁኔታ ስለ መፈጸሙ ምስጋና አቀረቡ። ጸሐፊው ፎቶዎቹን አሳየ። እኔም ተነሥቼ ሁሉንም አመሰገንኩ፤ አፌን ታውቁታላችሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስሙ ያልተነሣው፣ የስብሰባው ቀንም ያልተነገረው፣ ያችን ሴትዮ ሐይቁን ሁለት ዙር ያዞረልኝ ሰው ግን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው።